ያይልኝ የነበረው መኪና

ሐርጌሳ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ዓለምነሽ፤

ሰላምታዬ የድሬን ሙቀት ችሎ ቤትሽ ድረስ ይግባ። እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ነው? ፈጣሪ ጤናውን አይንፈጋችሁ። እኔ ሥራ አለኝ፣ የማድርበት አለኝ፣ አመስጋኝ ነኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ለምን እንደምጽፍ ትገረሚ ይሆናል። ስደውል እማዬ «ድምፁን ከፍ አድርጊው» ትላለች፤ ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል፤ እኔም «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብዬ እዘጋለሁ። ለአንቺ ብቻ የማወራው ሲኖረኝ በጀማሉዲን እልካለሁ። ከጅጅጋ ወደዚህ ድንችና ሽንኩርት የሚያመላልስ የአገራችን ልጅ ነው፤ የአደራ ነገር አያጠፋም።

ከግንበኝነቱ ወጥቼ ሹፌር መሆኔን ነግሬሻለሁ። ጌታዬ ማህዲ ይባላል፤ ዋሄን ገበያ የጨርቅ ሱቅ አለው። በልጅነቱ በጦርነቱ ጊዜ ተሰዶ እኛ አገር ሐርተሼክ የስደተኞች መጠለያ ስላደገ አማርኛ ይሰማል፤ ሲናደድም በአማርኛ ነው የሚናደደኝ። ሚስቱ ሀፊዛ ትባላለች። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ሳሚያና ታናሿ ሪያድ። ጠዋት ትምህርት ቤት አደርሳቸዋለሁ፣ ከሰዓት እመልሳቸዋለሁ።

አሁን ማህዲ በበርበራ ወደብ መኪና አስመጣ። ጃፓን ያገለገለ ነው፤ ለእኛ ግን አዲስ ነው። እዚህ አገር መንገዱ እንደኛው በቀኝ ነው፣ የመኪናው መሪም በቀኝ ነው፤ ስለዚህ ጠርዙ ጋ ተቀምጠሽ መሐል መንገዱን ከሩቅ ነው የምታይው። ይሄኛው ግን ከስፖኪዮው ጀርባ፣ ከፊት መስታወቱ ጋር የተጣበቀ ካሜራ አለው። ሰው ወይም መኪና ፊትሽ ድንገት ሲገባ መጀመሪያ ይጮሃል፤ ዝም ካልሽው ራሱ ፍሬን ይይዛል።

ባለፈው ዋሄን ላይ አንድ ተሸካሚ የእጅ ጋሪ እየገፋ ከግራ በኩል ገባ። መኪናው ጮኸና ቀጥ ብሎ ቆመ። ሪያድ ከኋላ ሆኖ «መኪናው ፈራ» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ደጋገመው፤ አንዴ በፍየል፣ አንዴ መንገድ በሚያቋርጡ ሽማግሌ። ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር እላለሁ።

ለመሆኑ አባባ ዓይኑን ሲጀምረው ስንት ዓመቱ ነበር? እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው።

እማዬን ሳሚልኝ። 

ወንድምሽ አስረስ

ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአስረስ፤

ሕማማት ስለሆነ መሳሳም የለምና ሰላምታዬን በወረቀት ተቀበለኝ። ትንሣኤውን በሰላም ያድርስህ፤ ባዕድ አገር ላለ ሁሉ አምላክ ዘመድ ይሁነው።

እማዬ ጉልበቷ እንደዚያው ነው። ደመና ባየች ቁጥር ትነሳና በሩን ታያለች፤ ከዚያ ከደቻቱ ጎርፍ ወዲህ ውኃ ድምፅ ሲያሰማ አትተኛም። የጓዳው ጣሪያ ደግሞ ማፍሰስ ጀምሯል። ዝናቡ ሳይጠና ቆርቆሮው ቢቀየር ጥሩ ነበር፤ ከቻልክ በዚህ ወር ላክልን። እኔም የልብስ ስፌቱ በበዓል ሰሞን ስለሚበረታ የምችለውን እጨምራለሁ።

ስለ አባባ የጠየቅኸኝን ለእማዬ አላነሳሁባትም። ሲጀምረው አርባ አልሞላውም ነበር። አንተ ታናሽ ስለሆንክ የምታስታውሰው በዘንግ ሲሄድ ብቻ ነው።

ደብዳቤህን ሁለተኛ ሳነበው የከነከነኝ ነገር አለ። መጀመሪያ ሳነበው እንደ ሪያድ ሳቅሁ። ሁለተኛ ሳነበው ግን መቀስ በእጄ እንደያዝኩ ቆምኩ። ተሸካሚው በጠራራ ፀሐይ ነው የገባው። ሽማግሌውም እንዲሁ። ሽማግሌ ደግሞ እየሮጠ አያቋርጥም። አስረስ፣ መኪናው ያያቸውን ሰዎች አንተ ለምን አላየሃቸውም?

ምናልባት እኔ ጨርቅ ላይ ተጎንብሼ ስለምውል ሐሳብ ይበዛብኝ ይሆናል። ብቻ መልስልኝ።

እህትህ ዓለምነሽ

ሐርጌሳ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ዓለምነሽ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ። ቤታችሁን በረከት ይሙላው። እኛ የአገራችን ሰው በሚበዛበት በዳሚ ሰፈር አንድ ክፍል ተሰብስበን ፈሰክን፤ ዶሮውን የሠራችው በሰው ቤት የምትሠራ የጎጃም ልጅ ናት። ዝማሬውን በለሆሳስ አድርሰን ተበተንን።

የቆርቆሮውን ገንዘብ በዚህ ወር አትጠብቂኝ። ወጪ በዛብኝ። ለእማዬ «መንገድ ላይ ነው» በያት።

ዝናቡ እዚህም ገብቷል። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹን አድርሼ ስመለስ ካፊያ ጀመረ። አቧራው ገና አልታጠበም ነበርና መስታወቱ ላይ ጭቃ ሆነ። ከዚያ ከመኪናው ድምፅ ማጉያ አንዲት ሴት በጃፓንኛ የሆነ ነገር ተናገረች። ሁልጊዜ ሞተር ሲነሣ ትናገራለች፤ ይሄኛው ግን ሌላ ነበር። ዳሽቦርዱ ላይም ቢጫ መብራት በራ፤ ከሥሩ ጽሑፍ አለ፤ ማን ያነበዋል? ሰላምታ ትሁን፣ ነዳጅ አልቋል ትበል አላውቅም። መንገዴን ቀጠልኩ።

ትንሽ እንደሄድኩ ቲማቲም የጫነ የእጅ ጋሪ ገጨሁ። ሰው አልነካሁም። ቲማቲሙ ጭቃው ላይ ተበተነ። ባለቤቱ ጮኸብኝ፤ ከፈልኩትና ይቅርታ ጠይቄ ሄድኩ። መኪናው ግን ድምፅ አላሰማም፤ ፍሬንም አልያዘም።

ዋሊድ ወደሚባል የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወሰድኩት። ስልኩን ጽሑፉ ላይ ደቅኖ አስተረጎመውና ሳቀ። «የፊት ካሜራው ለጊዜው ማየት አልቻለም ይልሃል» አለኝ። 

«ለምን?» ስለው እየዞረ አሳየኝ። ካሜራው የሚያየው በመስታወቱ ውስጥ ነው። የውኃ ጠብታ ስታርፍበት ፊቱ ያለው ነገር ይጣመምበታል። ከውስጥ ጉም ሲይዘው ደግሞ ሁሉም ነጭ ይሆንበታል። የጭነት መኪና የሚረጨው ጭቃ ይሸፍነዋል። የእርጥብ አስፋልት ነጸብራቅና የመጪ መኪና መብራት ያሳውሩታል። መጥረጊያዬ ደግሞ አርጅቷል፤ ከካሜራው ፊት ያለውን ቦታ እየዘለለ ነው የሚጠርገው። 

«አለማየቱን ሲያውቅ ራሱን አጥፍቶ ይነግርሃል። ሁልጊዜ ግን አያውቅም። አንዳንዴ የሌለውን አየሁ ብሎ ይቆማል፤ አንዳንዴ ያለውን ሳያይ ይሄዳል» አለኝ። 

«ታዲያ በዝናብ ምን ላድርግ?» አልኩት። 

ግራ የገባው ይመስላል። «ምን ታደርጋለህ? አንተ ታያለህ እንጂ።»

መጥረጊያውን ለወጠልኝ። ከዚያ ወዲህ ሰማዩን ሳላይ ከቤት አልወጣም። እዚህ ሰው ብገጭ፣ እትዬ፣ ከኋላዬ ቆሞ ከሽማግሌዎች ጋር የሚነጋገርልኝ ጎሳ የለኝም።

እማዬን እንዳታስፈሪብኝ።

አስረስ

ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

አስረስ፤

እግዚአብሔር ይጠብቅህ ብዬ ልጀምር፤ ከዚህ በላይ ሰላምታ መጻፍ አልቻልኩም።

የጠየቅኩህን አልመለስክልኝም። ስለዚህ የማውቀውን እኔ እነግርሃለሁ።

አባባ እንጨት ቤት ሲሠራ መጀመሪያ ያየሁት ነገር የበር መቃን ሲመታው ነው፤ ሁልጊዜ በአንድ በኩል። ቀጥሎ ከጎኑ ያስቀመጥንለትን የሻይ ብርጭቆ ደጋግሞ መድፋት ጀመረ። «ማነው እዚህ ያስቀመጠው?» ብሎ ይቆጣናል። ፊት ለፊቱ ያለውን ጥርት አድርጎ ያያል፤ ጋዜጣ ያነባል፤ ስለዚህ ማንም ዓይኑን አልጠረጠረም። አንድ ቀን መጋዙ ሁለት ጣቱን ወሰደበት። እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣና እማዬን «ከጎን ከጎን አይታየኝም፤ ቆይቷል» አላት። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። አያምም፣ አያቀላም፣ ከዳር ጀምሮ ዝም ብሎ ይበላል አለን። ከዘርም ይወረሳል አለ። እማዬ ያኔ «ለልጁ እንዳይነገረው፣ ገና ልጅ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ማንም አላነሣውም። እኔም አላነሣሁም።

አንተም የምትነዳው በግራ የሚመጣውን ሳታይ ነው። ወጪ በዛብኝ ያልከውም መነጽር ገዝተህ እንደሆነ ጠርጥሬያለሁ። መነጽር አይረዳውም።

ካሜራው ሲያይልህ የተከደነ ነገር ነው፤ ዝናቡ ሲመጣ ግን ሁለታችሁም አታዩም፤ ከኋላ ደግሞ ሁለት ሕፃናት ተቀምጠዋል። እባክህ ቁልፉን ለሰውዬው መልስለት። ምክንያት ፍጠር፣ ታመምኩ በል፣ የፈለግከውን በል። ቆርቆሮው ይቅር። ሥራውም ይቅር።

ዛሬውኑ መልስልኝ።

ዓለምነሽ

ድሬዳዋ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፤

እስከ ዛሬ አልጻፍክም። በስልክ እማዬ አጠገቤ እያለች «ደህና ነኝ» አልከን፤ ለእኔ አንዲት ቃል አልጨመርክም። ከባለፈው ሳምንት ወዲህ ደግሞ ስልክህ ዝግ ነው። እማዬን ኔትወርክ ነው አልኳት፤ እየሰማችኝ ወደ ሰማይ ታያለች።

ጀማሉዲን ትናንት ቀፊራ ገበያ አግኝቶኝ ሐርጌሳ ወንዙ ሞልቶ መኪና ወሰደ አለኝ። ምን ዓይነት መኪና ስለው አላየሁም አለ። ሰውስ ስለው፣ አላውቅም አለ። ይህን ደብዳቤ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው የምጽፈው። አንተን በዓይኑ ሳያይ እንዳይመለስ ለምኜዋለሁ።

በሕይወት ካለህ ባዶ ወረቀትም ቢሆን ላክልኝ።

ዓለምነሽ

ሐርጌሳ፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዓለምነሽ፤

አለሁ። ልጆቹም አሉ። መጀመሪያ ይሄን አንብቢ፣ ከዚያ ተቀመጪና ሌላውን አንብቢ።

የሚያዝያ መጨረሻውን ደብዳቤሽን ያኔውኑ አግኝቼዋለሁ። እውነትሽን ነው፤ መነጽር ገዝቼ ነበር፤ አልረዳኝም። ደብዳቤሽን አንብቤ ቁልፉን ልመልስ ተነሣሁ፤ ማህዲ ሱቅ በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ። ወደ ግንባታ ብመለስ ከፎቅ እወድቃለሁ፤ አገሬ ብገባ ሸክም እሆንባችኋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ቀን ገፋሁ። ለራሴ ግን አንድ ቃል ገባሁ፤ ያ ቢጫ መብራት በበራ ጊዜ ጥግ ይዤ እቆማለሁ፣ ዝናቡ እስኪያባራ አልንቀሳቀስም አልኩ።

የዚያን ቀን ልጆቹን ከትምህርት ቤት ስቀበል ከደቡብ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ትምህርት ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው። ወንዝ ስልሽ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ መኪና ይታጠብበታል። ሲዘንብ ግን እንደ ደቻቱ ነው። ድልድዩ በመኪና ተዘግቶ ነበርና ሹፌሩ ሁሉ ወደ አሸዋው ይወርዳል። ማህዲ ደወለ፤ «ወንዙ ሳይሞላ ቶሎ ተሻገር» አለኝ። ገና ሳልወርድ ዝናቡ በአንድ ጊዜ ተደፋ። ሴትዮዋ በጃፓንኛ ተናገረች፤ ቢጫው በራ።

አልቆምኩም። ቃል መግባት ቀላል ነው። ከኋላዬ መኪኖች ጥሩንባ ይነፋሉ፣ የማህዲ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ፤ «እስከዚያች ጥግ ብቻ» አልኩ። ከፊቴ ባለው ጭላንጭል እያየሁ ቁልቁለቱን ጀመርኩ። መስታወቱ ከውስጥ በትንፋሻችን ጉም ያዘ፤ በክንዴ ጠረግኩት። ከዚያ ሳሚያ ከኋላ ሆና «አስረስ፣ ሴትዮዋ» አለችኝ።

የትኛዋ ሴት እንደሆነች ሳላውቅ ነው ፍሬኑን የረገጥኩት። መኪናው በጭቃው ተንሸራተተ፤ ተንሸራተተ፤ ቆመ። ከዚያ እጅ አየሁ። ኮፈኑ ላይ የተዘረጋ የሴት መዳፍ። ከእጁ ቀጥሎ ፊቷ፣ ከፊቷ ቀጥሎ ትከሻዋ ላይ ያለው ቢጫ ሸራ መጣልኝ። ለዝናቡ ከራስ እስከ እግሯ ቢጫ ሸራ ለብሳለች፣ እትዬ፤ ከሩቅ የሚታይ ነገር ነው።

በመስኮቱ በኩል መጣች። አልጮኸችብኝም። በሶማሊኛ «አላየኸኝም?» አለች።

«አላየሁሽም» አልኳት። 

ፊቴን ትኩር ብላ አየችው። «አሁንስ ታየኛለህ?»

«አሁን ፊት ለፊቴ ነሽ።» ትታኝ ወደ ዳገቱ አቀናች።

የቆምነው ቁልቁለቱ መጨረሻ፣ አሸዋው ላይ ነው። ወደፊት ልሂድ ብል ምን እንዳለ አይታየኝም፤ ወደኋላ ልመለስ ብል ጭራሽ። ከላይ በኩል ድምፅ መምጣት ጀመረ፤ አንቺ የምታውቂው ድምፅ፣ ድንጋይ በውኃ ሲንከባለል። ያኔ እንደ ልጅ ፈራሁ። ሞተሩን አላጠፋሁም፣ ስልኬን አላነሣሁም፤ በሩን ከፍቼ ሪያድን በጀርባዬ አዘልኩት፣ ሳሚያን በእጇ ያዝኳት። «መኪናውስ?» አለችኝ። «ይቆይ» አልኳት።

ውኃው መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቴን ነካ፤ ሁለት ሦስት እርምጃ ሳልራመድ ባቴ ደረሰ። ወዴት እንደምረግጥ አላውቅም። ሪያድ አንገቴን አንቆኛል። ያቺ ሴት ተመልሳ መጣችና የሸሚዜን እጅጌ ያዘች። «ከኔ ጋር» አለችኝ፤ ሌላ ምንም አላለችም። እሷ በረገጠችበት እየረገጥኩ ዳገቱን ወጣን። ናስራ ትባላለች፤ ሼክ ኑር ሰፈር ነው የምትኖረው፤ አትክልት ትሸጣለች። አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ሥር አስገባችንና ልጆቹን በሸራዋ ሸፈነቻቸው።

ከዚያ ሆነን መኪናውን አየነው። ውኃው በር እጀታው ላይ ደርሷል። መብራቱ እንደበራ ነው፣ መጥረጊያውም ወዲያና ወዲህ ይላል። ከዚያ ወደ ጎን ዞረና ሄደ። ሪያድ አላለቀሰም፤ ፊቱን ጀርባዬ ውስጥ ቀበረ።

አሁን የሚከብደኝ ክፍል ይሄኛው ነው። ሀፊዛ መጥታ ልጆቿን እያገላበጠች ሳመቻቸው፤ እያለቀሰች «አላህ ይክፈልልኝ፣ ልጆቼን አወጣህልኝ» አለችኝ። ማህዲ አቀፈኝ። «የመኪና ነገር ይረሳ፤ አልሐምዱሊላህ» አለ። ዘመዶቻቸው ሳይቀሩ እየመጡ እጄን ጨበጡ። ሳሚያ ስለ ሴትዮዋ አልተናገረችም፤ ተናግራም ከሆነ ማንም አልሰማትም። አየሽ፣ ዝም ብል ያልፍልኝ ነበር። በጎርፉ ጊዜ ከፈራሁት ይልቅ ያንን ዝምታ ፈራሁት።

በቀጣዩ ሳምንት መጀመሪያ ቁርስ ላይ ማህዲ የአሮጌውን መኪና ቁልፍ ሰጠኝ። «ዛሬ ልጆቹን አድርሳቸው። አሮጌው ካሜራ ምናምን የለውም፤ አንተ ትበቃለህ» አለ። ሪያድ አጠገቤ ተቀምጦ ዳቦ ይበላ ነበር። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት።

«አልነዳም» አልኩ።

«አሞሃል?»

«በግራ በኩል አይታየኝም። ቆይቷል። የዚያን ቀን ሴትየዋን አላየኋትም፤ ሳሚያ ባትናገር ገድያት ነበር። ካሜራው ነበር የሚያይልኝ፤ ሲዘንብ እሱም አላየም።»

ሀፊዛ ቀስ ብላ «ሪያድ፣ ወደዚህ ና» አለች። ልጁ ዳቦውን ይዞ ከጎኔ ተነሣ። ያቺን ስትል ልቤ ውስጥ የሆነው ነገር ጎርፉ ላይ አልሆነም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

«ከበጋው መግቢያ።»

«መኪናው የመጣው ዘንድሮ መጋቢት ነው» አለች። «ከዚያ በፊት በአሮጌው ስታመላልሳቸው ማን ነበር የሚያይልህ?»

ቁልፉን ወደ ማህዲ ገፋሁት።

ማህዲ በአማርኛ «ለምን አልነገርከኝም?» አለ። ሲናደድ በአማርኛ ነው ብዬሻለሁ።

«ታባርረኛለህ ብዬ ፈርቼ።»

«አባርርህ ነበር» አለ። «ግን ልጆቼ አንተ በምትነዳው መኪና ውስጥ አይገቡም ነበር።»

ሀፊዛ ተነሣች። «ከውኃ ስላወጣሃቸው ያመሰገንኩህን አልመልሰውም» አለችኝ። «ይቅር ግን ዛሬ አልልህም። ሌላ ቀን ጠይቀኝ።» ልጆቹን ይዛ ገባች።

ዕቃዬን ሰብስቤ ዳሚ ጓደኞቼ ጋ ገባሁ። ጀማሉዲን እዚህ ነው ያገኘኝ። ይኸው በዓይኑ አይቶኛል።

አስረስ

ደብዳቤውን ሳላሽግ ሁለት ቀን አቆየሁት፤ ጀማሉዲንም ጭነት ስላላገኘ አልሄደም። ትናንት ማህዲ ዳሚ ድረስ መጣ። ከመኪናው አልወረደም፤ «ግባ» ብቻ አለኝ። ዓይን ሐኪም ጋ ወሰደኝና ውጭ ተቀምጦ ጠበቀኝ። አገጬን ብረት ላይ አስደግፈው መብራት በጎን ሲመጣ ቁልፍ ተጫን አሉኝ። ነርሷ ደጋግማ «አልበራም እንዴ?» ትለኛለች፤ እኔ ለካ እየበራ ነው የማላየው። የግራው ዓይኔ ከዳር ብዙ ሄዷል፤ የቀኙም ጀምሮታል። የሄደው አይመለስም አለኝ ሐኪሙ። የቀረውን በየቀኑ ጠብታ እያደረግክ ማቆየት ትችላለህ፤ መንዳት ግን ከእንግዲህ የለም አለ። ስወጣ ማህዲ ጠብታውን ገዝቶ ይዞት ቆሟል። «ሱቁ ውስጥ ጨርቅ መለካት ትችላለህ፤ ሀፊዛን ግን ጊዜ ስጣት» አለኝ።

ልሥራለት፣ ልምጣ፣ አላውቅም። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማደርገው አንዱን ዓይኔን ሸፍኜ ግድግዳውን ማየት ነው፤ ከትናንት ያነሰ ይመስለኛል። ሐኪሙ ደግሞ «እህት ወንድም ያለው ሰው ይናገር፣ እነሱም ይታዩ» አለኝ። እትዬ፣ አንቺ ታይተሽ ታውቂያለሽ?

ድሬዳዋ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአስረስ፤

ያተረፈህ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። ልጆቹን ያተረፈልህ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይመስገን። ያቺን ናስራን እኔ ባላውቃትም በጸሎቴ ስሟን እየጠራሁ ነው።

ደብዳቤህን ለእማዬ አነበብኩላት። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ከማንም የሚደበቅ ዓይን አይኖርም ብዬ ነው። ጎርፉ ጋ ስደርስ እጄን ያዘችኝ፤ የሐኪሙ ጋ ስደርስ ለቀቀችኝ። ከዚያ «ያኔ አትንገሩት ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። አላጽናናኋትም፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማታ በሌላ ስልክ ስትደውል «ድምፁን ከፍ አታድርጊው፣ ብቻዬን ላናግረው» አለች፤ ያወራችሁትን አልጠየቅኳትም።

ታይተሽ ታውቂያለሽ ላልከኝ፣ አላውቅም ነበር። የአባባን ሐኪም በጆሮዬ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ለአንተም ተው፣ ታከም የምልህ እኔ ነኝ፤ ራሴ ግን ሆስፒታሉ በር ላይ ሳልፍ ዓይኔን ወደ ሌላ አዞር ነበር። መርፌ ይዤ የምኖር ሰው ነኝ፤ በሽታውን ካልጠየቅሁት አይመጣም የሚል ሞኝነት ያዘኝ። የአንተን ደብዳቤ ባነበብኩ በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። ብረቱ ላይ አገጬን አስደግፌ መልሼ አነሣው ነበርና ሐኪሟ «ጊዜ አለን፣ አትቸኩይ» አለችኝ። 

የእኔም ግፊት ከፍ ብሏል። ዳሩ ገና አልተነካም፤ በጊዜ መጥተሻል አለችኝ። በጊዜ የመጣሁት በአንተ ነው፤ ደስ ልበል ወይስ ላልቅስ አላወቅኩበትም፤ መንገድ ላይ ሁለቱንም አደረግኩ።

ማህዲ የሰጠህን ሥራ አትግፋው፤ ግን መጀመሪያ ና። ክረምቱን እዚህ ሁን፤ መስከረም ላይ ብትመለስ ሱቁ የትም አይሄድም። ለሀፊዛም የምትመልሰው ቃል ያኔ ይገኝልህ ይሆናል። በቀን ተጓዝ፤ ጀማሉዲን ጅጅጋ ድረስ አጠገብህ እንዲሆን ነግሬዋለሁ፤ ጅጅጋ መናኸሪያ እኔ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። በግራህ በኩል እቆማለሁ፤ ዞር ብለህ ፈልገኝ።

እኔም እንደ አንተ እፈራለሁ፣ አስረስ። ጠዋት አንዱን ዓይን ሸፍኖ ግድግዳ ማየቱን እኔም ጀምሬዋለሁ። ጠብታውንም ለራሴ ማድረግ አቃተኝ፤ ጠርሙሱ ሲጠጋ ዓይኔ ይጨፈናል፣ መድኃኒቱ ጉንጬ ላይ ፈስሶ ይቀራል። የእማዬ እጅ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ስትመጣ አንተ ለእኔ ታደርግልኛለህ፣ እኔም ለአንተ።

እህትህ ዓለምነሽ